ገንጥሎና ገንጥለው

እኔ ማስረጃ የሚባል ነገር ያልፈጠረልኝ ሰው ነኝ። ቤት ውስጥ ብርጭቆ ከተሰበረ የሰበርኩት እኔ ነኝ። መሥሪያ ቤት ፕሪንተሩ ወረቀት ከያዘ መጨረሻ የነካሁት እኔ ነኝ። መንገድ ላይ ደግሞ ይብሳል። ሰው መጥቶ ገጭቶኝ ሲያበቃ ቀድሞ ወርዶ የሚቆጣው እሱ ነው፤ እኔ የተቆጣ ሰው ፊት ስቆም ጥፋቴ ምን እንደሆነ መፈለግ እጀምራለሁ። የሚገርመው ብዙ ጊዜ አገኘዋለሁ።

ስለዚህ የመኪና መስታወት ላይ ተለጥፋ መንገዱን ሁሉ የምትቀዳ ካሜራ መጣች ሲሉኝ በማግስቱ ሳሪስ ሸምሱ ሱቅ ተገኘሁ። ሸምሱ የስልጤ ልጅ ነው፣ የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴ፤ ሲሸጥ ዕቃውን ትቶ ገዢውን ያሞግሳል።

«ይቺ አትተኛም፣ አትበላም፣ አትዋሽም» አለኝ። «አንተን የመሰለ ጨዋ ሰው እስከ ዛሬ እንዴት ያለ ምስክር ነዳ?»

«አጠቃቀሟስ?»

«ሜኑ ውስጥ ገብተህ ማስተካከል ነው። ቀላል ነው።»

ነጋዴ «ቀላል ነው» ካለ ዕቃውን መልሶ አይቀበልም ማለት ነው። ይህን የተረዳሁት ግን ቤት ከደረስኩ በኋላ ነው።

ቤቴ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከባለቤቴ ከአስቴር ጋር ፓርኪንጉ ላይ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጠን ማስተካከል ጀመርን። መመሪያው ግማሹ ቻይንኛ ነው፣ ግማሹ ደግሞ ቻይናዊው በእንግሊዝኛ ያሰበው ነው። መጀመሪያ ካሜራዋ ቀን ጠየቀች። ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር አስገባሁላት፤ ዝም ብላ ተቀበለች። ሰዓቱንም በእኛ ሰጠኋት፤ የጠዋት ሦስት ሰዓት ስላት ሌሊት አደረገችው። ወሮቹን ስንቆጥርላት ግን አሥራ ሁለት ላይ ቆመች። ወደፊት ብጫናት ተመልሳ አንድ ትላለች እንጂ ጳጉሜ የሚባል ነገር አታውቅም።

«በቃ፣ በጳጉሜ የገጨን ሰው ነፃ ይሄዳል» አለች አስቴር።

አስቴር መምህርት ናት። የምታውቀውንም የማታውቀውንም በእኩል ድምፅ ነው የምትናገረው። ቀጥሎ «ጂ ሴንሰር» የሚል ጽሑፍ መጣ።

«ጂው ምንድን ነው?» አልኳት።

«ግጭት ነዋ» አለች፣ ቀና ሳትል።

የሚያስቀው ነገር፣ ልክ ነበረች ማለት ይቻላል። መመሪያው በዚያ በቋንቋው እንደሚለው ካሜራዋ ያለማቋረጥ ትቀዳለች። ሚሞሪዋ ሲሞላ የድሮውን እያጠፋች በላዩ አዲስ ትቀዳለች። ድንገት የግጭት ዓይነት ንቅናቄ ከተሰማት ግን ያንን ቪዲዮ ትቆልፈዋለች፤ የተቆለፈው አይጠፋም፤ ባለቤቱ ራሱ ካላጠፋው እዚያው ይኖራል። የንቅናቄው ልክ ደግሞ ሦስት ምርጫ አለው። ሎው፣ ሚዲየም፣ ሃይ። ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ሎው የሚመርጥ ሰው ካለ እኔ አላውቀውም። ሃይ አደረግኋት። ቀጥሎ «ኦዲዮ» አለች። ካሜራዋ ስትነካ ጢጥ ጢጥ የምትለውን ድምፅ ነው ብዬ እሱንም ከፈትኩት። ዝም ያለች ካሜራ ምን ታደርግልኛለች?

እንግዲህ ጋሽ ይልማን ላስተዋውቃችሁ፤ ጉዳዩ ሁሉ የሳቸው ነው።

ጋሽ ይልማ ከኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ ጎረቤታችን ናቸው። አቃቂ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ተወልደው፣ እዚያው አድገው፣ ዕድሜያቸውን በድሮው ባቡር ላይ አገልግለው ጡረታ የወጡ ሰው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው፤ ልጃቸው ድሬዳዋ አግብታ ቀርታለች። ጠዋት ጠዋት ሳሪስ አቦን ሳይሳለሙ አይውሉም። የእኔም መሥሪያ ቤት እዚያው ሳሪስ ስለሆነ አብረን እንሄዳለን። ከቱሉ ዲምቱ ሳሪስ ያለው መንገድ በመኪና ሰልፍ ምክንያት አንድ ሙሉ ታሪክ ተጀምሮ ያልቅበታል፣ እሳቸው ደግሞ የማያልቅ ታሪክ አላቸው። አዋሽ ላይ ባቡሩ ፊት ለፊት ተኝቶ አልነሳም ያለውን ግመል ብቻ በስንት ዓይነት ነግረውኛል፤ ግመሉ በየጊዜው ይተልቃል። አባቴን በልጅነቴ ነው ያጣሁት። እውነቱን ልናገርና፣ ጠዋት የምነሳው ለሥራው ብዬ አይደለም፤ ለዚያች ለመንገዷ ነው።

አንድ ነገር ብቻ አላቸው። በር ሲዘጉ ያንኮታኩታሉ።

የድሮ ባቡር በር በጉልበት ካልሆነ አይዘጋም ይላሉ። ያ ልማድ ከእጃቸው አልወጣም። የኔ መኪና ትንሽ የጃፓን መኪና ናት፤ እሳቸው ገብተው ጓ ሲያደርጉት ጆሮዬ ይደነቁራል፣ መስታወቱ ይንቀጠቀጣል፣ የመሳቢያው ክዳን ራሱን ችሎ ይከፈታል። ታዲያ አትነግራቸውም ወይ ትሉኝ ይሆናል። የታክሲ ወያላ «በሩን ቀስ» ይላል፤ የገዛ ወንድሜን እኔም እለዋለሁ። አባት የሚሆኑኝን ሰው ግን በምን አንደበት? «ቀስ ይበሉ» ማለት «በመኪናዬ ነው የሚሄዱት» ማለት ይሆናል። በሩ ይቅር። በር ይቀየራል፣ ጋሽ ይልማ አይቀየሩም።

የከተማው ባቡር ቃሊቲ ድረስ መጥቶ ሥራ ሲጀምር ከሰፈራችን ቀድመው የተሳፈሩት እሳቸው ናቸው። ከረባት አስረው ሄዱ። ሲመለሱ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር።

«እንዴት ነው ጋሼ?»

«በሩ ራሱ ይዘጋል» አሉኝ።

ሌላ አስተያየት አልነበራቸውም። ሁለተኛም አልተሳፈሩበትም።

ካሜራዋ ከገባች ወዲህ አንድ ነገር አስተውዬ ነበር። ጋሽ ይልማ ገብተው በሩን ጓ ሲያደርጉት ጢጥ ትላለች፣ ቀይ መብራት ታበራለች። አቦ በር ላይ ወርደው ጓ ሲያደርጉትም እንዲሁ። እኔ ስገባና ስወጣ ዝም። እንደ ለመደቻቸው ቆጠርኩት። «ጋሼ፣ አወቀችዎ» እላቸዋለሁ፤ እሳቸውም ኮፍያቸውን ነካ አድርገው «እንደምን አደርሽ» ይሏታል። እንዲህ ተፋቅረን ወራት ሄዱ። ደስታ እንዲህ ያለ ነገር ነው፤ ምን እየተቆለፈ እንደሆነ ሳታውቅ።

አንድ ጠዋት ካሜራዋ ቀይ ጽሑፍ አወጣች። በእንግሊዝኛ ነው። ሳላነበው ነዳሁ፤ የባትሪ መስሎኝ ነው። ቃሊቲ ስንደርስ መንገዱ ዳገቱ ላይ ግጥም ብሎ ቆሟል። ከፊታችን አሸዋ የጫነ ገልባጭ መኪና አለ። ጋሽ ይልማ ግመሉን አስተኝተው ባቡሩን ሊያስቆሙ ሲሉ ገልባጩ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ። ክላክስ ነፋሁ። መጣ። ኮፈኔን ጨመደደና ታርጋዬን አጥፎ ቆመ።

ሾፌሩ እንደ ደንቡ ቀድሞኝ ወረደ፣ ተቆጥቶም ወረደ። ረጅም ሰው ነው፣ ነጠላ ጫማ ያደረገ።

«ምን ሆነህ ነው ከኋላ የምትገባብኝ?» አለኝ።

ከኋላ የገጨ ጥፋተኛ እንደሆነ አገር ያውቃል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጥፋቴን መፈለግ እጀምር ነበር። ያን ዕለት ግን ፈገግ አልኩ። ትራፊኳ መጣች፤ ረጋ ያለች ወጣት ሴት ናት። «ተቀድቷል» አልኳት፣ እጄን ኪሴ ከትቼ። እንዲህ ኮርቼ የተናገርኩበትን ሌላ ቀን አላስታውስም።

«ይታያ» አለች።

ጋሽ ይልማ ከፊት ወንበር እንደተቀመጡ ናቸው። ትራፊኳ በሳቸው መስኮት አንገቷን አስገባች፣ ሾፌሩ በእኔ መስኮት። ካሜራዋን ከፈትኩ። ቪዲዮዎቹ ተደርድረዋል፣ ሁሉም ላይ የቁልፍ ምልክት አለ። የመጨረሻውን ነካሁት።

የመጣው ገልባጭ አይደለም፤ የአቦ ቤተ ክርስቲያን በር ነው። የጋሽ ይልማ ድምፅ ጥርት ብሎ «ደህና ዋል ልጄ፣ አቦ ይጠብቁህ» አለ። የእኔ ድምፅ «አሜን ጋሼ፣ እርስዎንም» አለ። ከዚያ ጓ። ከዚያ ጸጥታ። ከዚያ ደግሞ የእኔው ድምፅ፣ ብቻውን ሲሆን እንደሚያወራ ሰው፦

«ይኼ ሽማግሌ አንድ ቀን በሬን ገንጥሎ ይዞት መቅደስ ይገባል።»

ላጠፋው ብዬ ሌላውን ነካሁት። ያው በር፣ ያው «ደህና ዋል ልጄ»፣ ያው ጓ። «ኧረ ይኼ ሰውዬ ገንጣይ ነው።» ሌላ ነካሁ። ጓ። «ባቡር መሰለችው እንዴ?» ካሜራዋ ለወራት የቀዳችው ግጭት ሁሉ የጋሽ ይልማ በር ነበር። ሃይ ላይ ስላደረግኳት እያንዳንዱን ጓ አደጋ ነው ብላ ቆልፋ፣ ቆልፋ፣ ሞልታ፣ እውነተኛው አደጋ ሲመጣ መቅጃ ቦታ አጥታለች። ቀይ ጽሑፉ ለካ «ሞልቻለሁ» ነው የሚለው። «ኦዲዮ» ያለችውም ለካ ጢጥታዋን ሳይሆን የኛን ወሬ ነው። ዳገቱ ላይ ጢጥ እንኳን አላለችም።

ሾፌሩ መስኮቴን ይዞ እስኪያነባ ሳቀ። ትራፊኳ ባርኔጣዋን ወደ ዓይኗ ሳብ አደረገች፤ ስቃ እንደሆነ እንዳይታወቅባት ነው።

«ኦፊሰር» አለ ሾፌሩ ዓይኑን እየጠረገ፣ «እኔ ነኝ። ፍሬኑ አመለጠኝ። ይኼ ሰውዬ አታላይ ቢሆን ይቺን ካሜራ ሰው ፊት አይከፍትም ነበር።»

እንዲህ ሆኖ በማላውቀው ማስረጃ ረታሁ። ትራፊኳ የሚጻፈውን ጽፋ፣ እኛን ወደ ዳር አውጥታ መንገዱን አስከፈተች። ጋሽ ይልማ ግን ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ግመሉ አዋሽ ላይ ተኝቶ ቀረ። «ጋሼ…» ስል «መንገዱን ይመልከቱ» አሉኝ። ይመልከቱ ያሉት እኔን መሆኑ ወዲያው አልገባኝም።

አቦ በር ደረስን። ወረዱ። በሩን ይዘው ትንሽ ቆሙ።

«በሩስ ይሁን» አሉ። «በሩ ያንተ… የእርስዎ ነው። ግን ገንጥሎ ነው ያሉኝ። ገንጥለው ቢሉ ምን ነበረበት?»

ከዚያ በሩን እንደ ሕፃን አስተኝተው ገፋ አደረጉት። አልተዘጋም።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደህና ይዋሉ» አሉኝ።

ከኋላ ወንበር ሰው ያለ መስሎኝ ዞሬ አየሁ። ማንም የለም።

ማታ ለአስቴር ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች። ገንጥሎ የሚለው ጋ ስደርስ ግን ሳቋ ቆመ።

«አንዲት ፊደል እኮ ናት» አልኳት።

«አንተ፣ ሰውዬው ሚስታቸው የሉ፣ ልጃቸው የለች። ያቺ ፊደል ናት የቀረቻቸው» አለችኝ።



በማግስቱ ጠዋት ክላክስ ነፋሁ። አልወረዱም። ለካ ቀድመውኝ ወጥተዋል። ከሰፈር ሰው ስሰማ በታክሲ ቃሊቲ ወርደው፣ ከዚያ በከተማው ባቡር ነው የሚሄዱት። በሩ ራሱ በሚዘጋው። ሰው ሲጠላኝ አውቃለሁ፣ እንዲህ ግን ተጠልቼ አላውቅም።

ደረጃ ላይ ስንገናኝ ኮፍያቸውን አንስተው «እንደምን አደሩ?» ይሉኛል። አስቴር ሹመት ነው ትላለች። ሹመቱን የሚመልሱበት ቢሮ ቢኖር ተሰልፌ እመልስ ነበር። አንድ ቀን መንገድ ዘግቼ «ጋሼ፣ በጣም አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። «ኧረ እርስዎ ምን አጠፉ?» ብለው አለፉኝ። አንቱ የሚልህን ሽማግሌ ይቅርታ መጠየቅ አይቻልም፤ እግሩ ላይ ልትወድቅ ስትል እሱ ቀድሞ ጎንበስ ይልልሃል። ሽማግሌ እንዳልልክባቸው ደግሞ በሰፈራችን ሰው ሲጣላ የሚላኩት ሽማግሌ እሳቸው ናቸው።

መኪናው ውስጥ ያለው ጸጥታ ሌላ ጣጣ ሆነ። የቱሉ ዲምቱ መንገድ ያን ያህል እንደሚረዝም አላውቅም ነበር። በሬም ደህና ነው፣ መስታወቱም አይንቀጠቀጥም፣ የመሳቢያው ክዳን ተዘግቶ ይውላል። ምን ያደርግልኛል? ካሜራዋ እንኳን ጢጥ ማለት አቁማለች። ሸምሱ ጋ ወስጄ የተቆለፈውን ሁሉ አስጠፋሁ፤ ልኳንም ሎው ላይ አስደረግኩ። «ሎው ላይ ቤት ካልተደረመሰባት አትቆልፍም» አለኝ። ኦዲዮውን ሊያጠፋልኝ ሲል ግን «ተወው» አልኩት። ይስማኝ ብዬ ነው። ሰው ሲሰማኝ ደህና ሰው ነኝ።

ወር ገባ፣ አምስተኛው ቀን ደረሰ። አቦ ነው። ጠዋት ያካፋል፣ የታክሲው ሰልፍ ከአስፋልቱ ተጠማዞ ሕንፃዎቹ መሀል ገብቷል። ከሰልፉ ጫፍ ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው ጋሽ ይልማ ቆመዋል። አጠገባቸው አቆምኩ። ሰልፈኛው ታክሲ መስሎት ሊገባ ተንጋጋ፤ በስንት ግፊያ በሩን ከፍቼ «ጋሼ፣ ለኔ ብለው ሳይሆን ለአቦ ብለው ይግቡ» አልኳቸው።

አቦ ስለተጠሩባቸው ገቡ። «ካላስቸገርኩዎ» አሉ። በሩንም በሁለት ጣት ሳብ አድርገው እንደ መጽሐፍ ገጽ አስጠጉት። አልተዘጋም። መኪናዋ ጢን፣ ጢን፣ ጢን ማለት ጀመረች።

«ጋሼ፣ በሩ ትንሽ…»

«ዘግቼዋለሁ። አይጨነቁ።»

ነዳሁ። ጢን፣ ጢን። እሳቸው በሩን በእጃቸው ይዘውት ወደፊት ያያሉ። አቃቂን እንዲህ አለፍናት። ሁለታችንም ያንን ድምፅ እንዳልሰማ ሰው ሆነናል፤ ይሉኝታ ድሮ በሬን ሲያስመታኝ ነበር፣ አሁን ደግሞ ሊያስከፍተኝ ነው። ድልድዩን ተሻግረን ስንታጠፍ በሩ ብርግድ ብሎ ተከፈተ፤ የነጠላቸው ጫፍ ወጥቶ ተውለበለበ። እጄን ዘርግቼ ክንዳቸውን ለቀም አደረግኩና ዳር ይዤ አቆምኩ።

«ጋሼ» አልኩ፣ «በእመቤታችን፣ እንደ ድሮው ይዝጉት።»

«ኋላ ይገነጠልና?»

«ይገንጠል። እርስዎ ከሌሉበት በሩን ምን አደርገዋለሁ?»

አላዩኝም። ነጠላቸውን ሰበሰቡ፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሀል አቆሙ። ከዚያ በሩን እስከ መጨረሻው ከፈቱት፣ የባቡር ሰው እንደሚከፍተው፤ መልሰውም አመጡት።

ጓ።

መስታወቱ ተንቀጠቀጠ። የመሳቢያው ክዳን ተከፈተ። ካሜራዋ፣ ሎው ላይ ያለችው፣ ቤት ካልተደረመሰባት አትቆልፍም የተባለችው፣ ጢጥ አለችና ቀይ መብራቷን አበራች።

ጋሽ ይልማ ቀና ብለው አዩዋት፤ ኮፍያቸውንም ነካ አደረጉላት። ወደኔ ሳይዞሩ ደግሞ «ንዳ እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?» አሉኝ።

ንዳ አሉኝ። ትጠብቃለህ አሉኝ። መንገዱን ትንሽ ደብዝዞ ነው ያየሁት፤ ዝናቡም ነበር። ቃሊቲ ሳንደርስ ግመሉ ተነስቶ እንደገና ሀዲዱ ላይ ተኛ፣ ካለፈው በጣም ተልቆ።

አቦ በር ላይ «ደህና ዋል ልጄ» ብለው ወረዱ። ጓ። ካሜራዋ ጢጥ። እኔም ጆሮዬን አሽቼ፣ ብቻዬን ነኝ ብዬ፣ ልማድ ነውና አጉረመረምኩ።

«እኚህ ሰውዬ አንድ ቀን በሬን ገንጥለው፣ ይዘውት መቅደስ ይገባሉ።»

ለካ መስኮቱ ክፍት ነበር። ጋሽ ይልማ ቆሙ። ሳይዞሩ ከዘራቸውን ከፍ አደረጉ።

«አማርኛህ ተስተካከለ» ብለውኝ ገቡ።